ንግግር የሚበላሸው ማይክ ከመያዙ በፊት ነው

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 ላይ ሁለት ንግግሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የከሳሾች ነው፤ ሌላው የተከሳሹ የጳውሎስ። ሊቀ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከኢየሩሳሌም ወደ ቂሣርያ ሲወርዱ ጠርጠሉስ የሚባል ሰው አስከትለው ነበር። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ጠበቃ» ይለዋል። በግሪክኛው «ሬቶር» ነው፦ በንግግር ጥበብ የሠለጠነ፣ የሌላውን ነገር ይዞ የሚሟገት ባለሙያ። ዛሬ «ሪቶሪክ» የምንለውም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። የንግግር ጥበብን መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ እመርጣለሁ፤ ሁለቱም ንግግሮች አጭር ናቸው፣ የአንዱ ድክመትና የሌላው ብርታትም በግልጽ ይታያል።

ጥበቡ የተወለደውም በሙግት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ460ዎቹ፣ በሲሲሊ ደሴት በሰራኩስ ከተማ የአምባገነኖቹ አገዛዝ ሲወድቅ መሬቱን የተቀማው ሁሉ ለማስመለስ ተነሣ። ኮራክስና ቲስያስ የተባሉ ሰዎች «ዳኛ ፊት ምን ብዬ ልናገር?» ለሚለው ማስተማር ጀመሩ ይባላል። አቴና ውስጥ ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ ቆሞ መናገር ነበረበት። ፈራጆቹ እንደ ጉዳዩ ክብደት 201፣ 401፣ 501 ወይም ከዚያም በላይ ተራ ዜጎች ነበሩ፤ ጊዜው የሚለካው ከሸክላ ማሰሮ በሚፈስ ውሃ ነው። በአቴና የገበያ አደባባይ በቁፋሮ የተገኘው አንድ ማሰሮ 6.4 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ፈስሶ ለማለቅ 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ለአንድ ንግግር የሚፈቀደው የማሰሮ ቁጥር እንደ ጉዳዩ ይለያያል፤ ውሃው ካለቀ ግን ንግግሩም አለቀ።

የሮማ መምህራን ሥራውን በአምስት ከፈሉት፦ የሚባለውን መፈለግ፣ መደርደር፣ ቃል ማልበስ፣ በአእምሮ መያዝ፣ መናገር። ከአምስቱ ሦስቱ የሚያልቁት ወረቀት ላይ ነው፤ አራተኛውም ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ «የንግግር ሥልጠና» ተብሎ የሚሰጠው ግን ባብዛኛው አምስተኛውን ብቻ ነው፦ እጅህን እንዲህ አድርግ፣ ዓይን ዓይናቸውን እይ፣ ፈገግ በል። ንግግሮች ሲከሽፉ ልብ ብላችሁ ብታዩ ብዙዎቹ የወደቁት ከመጀመሪያው ሥራ ላይ ነው። ተናጋሪው የሚያከራክረው ነጥብ የቱ እንደሆነ ሳይለይ ተነሥቷል።

ጭብጡን መያዝ

የእኛ ፍርድ ቤቶች «ጭብጥ መመሥረት» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ዳኛው ከክሱና ከመልሱ ተነሥቶ ሁለቱ ወገኖች በእውነት የሚለያዩበትን ነጥብ ነጥሎ ያወጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄርማጎራስ የተባለ የቴምኖስ ሰው ይህንኑ በሥርዓት አስቀምጦታል። ግሪኮቹ «ስታሲስ» ይሉታል፤ መቆሚያ ማለት ነው። የሁለቱ ወገን ግፊያ ተገናኝቶ የሚቆምበት ቦታ። ቦታዎቹም አራት ናቸው።

የመጀመሪያው «ሆኗል ወይስ አልሆነም?» ነው። ሁለተኛው «ሆኗል፤ ግን ስሙ ምንድን ነው?» ይላል፤ ስርቆት ነው ወይስ ብድር፣ ስድብ ነው ወይስ ተግሣጽ? ሦስተኛው «ሆኗል፣ ስሙም ይኸው ነው፤ ግን አግባብ ነው ወይ?» የሚል ነው። አራተኛው ደግሞ «ይህ ነገር እዚህ ቦታ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት፣ በዚህ አኳኋን ሊታይ ይገባል ወይ?» ብሎ መድረኩን ራሱን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቂሣርያ እንመለስ። ጠርጠሉስ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ወረወረ፦ ሰውዬው እንደ በሽታ ነው፣ በዓለም ባሉ አይሁድ ሁሉ ዘንድ ሁከት ያስነሣል፣ የናዝራውያን ወገን መሪ ነው፣ መቅደሱንም ሊያረክስ ሞክሯል። ከእነዚህ ውስጥ ሮማዊው ገዢ ፊልክስ ሊመረምራቸው የሚችላቸው ሁከቱና የመቅደሱ ነገር ናቸው። ለሁለቱም ጠርጠሉስ ቀን አልጠራም፣ ያየ ምስክር አላቆመም፤ «ራስህ መርምረህ ልታውቅ ትችላለህ» ብሎ ሥራውን ለዳኛው ተወለት።

ጳውሎስ ሲመልስ «በሽታ» ለሚለው አንድ ቃል አላወጣም። ስድብ ጭብጥ የለውም፤ የመለሰለት ሰው ለተሳዳቢው ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ ነገሩን አያራምድም። ከዚያ መቆሚያዎቹን በየተራ ያዘ። ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ ገና 12 ቀን እንዳልበለጠው ተናገረ፤ ገዢው ሊያጣራው የሚችል ቁጥር ነው። በመቅደስም ሆነ በምኩራብ ሕዝብ ሲያውክ አላገኙኝም አለ፤ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እነርሱ ኑፋቄ የሚሉት መንገድ የአባቶቹን አምላክ የሚያመልክበት መሆኑን አመነ፤ ሥራውን ሳይክድ ስሙን ብቻ ተከራከረ፣ ይህ ሁለተኛው ነው። በመጨረሻም መቅደስ ውስጥ አየነው ያሉት ከእስያ የመጡ ሰዎች መሆናቸውን፣ ነገር ካላቸውም እዚህ ቆመው ሊከሱት ይገባ እንደነበር ተናገረ። አራተኛው መቆሚያ ይኸው ነው፤ ክሱን የሚያቀርበው ትክክለኛው ሰው አልቀረበም። ፊልክስም በዕለቱ አልፈረደም፤ የጦር አዛዡ ሲመጣ እቆርጣለሁ ብሎ ነገሩን አሳደረው።

ጳውሎስ ግን በዚህ ነፃ አልወጣም። ገዢው ጉቦ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት በእስር አቆየው። አርስቶትል የንግግርን ጥበብ ሲተረጉም ሰውን ማሳመን ነው አላለም፤ በእያንዳንዱ ጉዳይ የሚያሳምነው ነገር የቱ እንደሆነ የማየት ችሎታ ነው አለ። ሐኪም ሁሉን በሽተኛ ላያድን ይችላል፤ ሊደረግ የሚቻለውን ሁሉ ካደረገ ግን ሙያውን ያውቃል። ይህን ልዩነት አጥብቄ እወደዋለሁ፤ ተናጋሪውን ከትዕቢትም ከተስፋ መቁረጥም ይጠብቀዋል።

ይህን ወደ እኛ ስብሰባ እናምጣው። አንድ እድር 180 አባላት አሉት እንበል፤ ወርሃዊ መዋጮው 100 ብር ነው፣ በዓመት 216,000 ብር ይገባል። በዓመቱ 14 ሐዘን ደርሶ ለእያንዳንዱ ቤት 15,000 ብር ተከፈለ፤ 210,000 ብር። ለዕቃ ቤት ጠባቂና ለድንኳን ጥገና 36,000 ብር ወጣ። ጉድለቱ 30,000 ብር ነው። ጸሐፊው መዋጮው 120 ብር እንዲሆን ሊናገር ነው፤ በዓመት 43,200 ብር ይጨምራል፣ ጉድለቱን ሸፍኖ 13,200 ይተርፋል።

ጸሐፊው ሳያስብበት ከተነሣ ስለ ኑሮ ውድነት ይናገራል፤ ጉድለት እንዳለ ያስረዳል። እሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አባላቱ ግን ጉድለት መኖሩን ያውቃሉ፤ የሚከራከሩት ሌላ ቦታ ነው። አንዱ «ጡረተኛው ከየት ያመጣል?» ይላል፤ ሦስተኛው ጥያቄ። ሌላው «ሒሳቡ ሳይመረመር ስለ ጭማሪ አናወራም» ይላል፤ አራተኛው። ጸሐፊው ማንም ያልካደውን ሲያስረዳ አሥር ደቂቃ ያልቃል፣ ተቃዋሚዎቹም በልባቸው የያዙትን ይዘው ይወጣሉ።

ስለዚህ ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት የማይስማሙ መሆናቸውን የምታውቋቸውን ሦስት ሰዎች አግኙ። «አልስማማም፣ ምክንያቱም…» የሚለውን እንዲጨርሱላችሁ ጠይቁ፤ የሚሉትን ሳታርሙ ቃል በቃል ጻፉት። ከዚያ እያንዳንዱን መልስ ከአራቱ ጥያቄዎች በአንዱ ሥር አስቀምጡ። ብዙው የወደቀበት ጥያቄ ንግግራችሁ ነው፤ ከጊዜያችሁ ከግማሽ በላይ ለእሱ ይሁን። አራተኛው ጥያቄ ከተነሣ ግን ቅድሚያውን ይውሰድ። ምልዓተ ጉባኤው ካልሞላ፣ የኦዲት ሪፖርቱ ካልተነበበ፣ ደንቡ ሌላ ከሆነ፣ ያ ሳይፈታ ሌላውን የሚሰማ ጆሮ የለም።

መግቢያው

የጠርጠሉስ መግቢያ ምስጋና ነው፦ በአንተ ምክንያት ብዙ ሰላም አግኝተናል፣ በሁሉም ዘንድ እናመሰግንሃለን፣ እንዳላደክምህ በአጭሩ ስማን። የጳውሎስ መግቢያ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ለብዙ ዓመት የዚህ ሕዝብ ዳኛ እንደሆንህ ስለማውቅ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። ሁለቱም ገዢውን አክብረዋል። የጳውሎስ አክብሮት ግን ለነገሩ ይሠራል፤ የሕዝቡን ልማድ የሚያውቅ ዳኛ ክሱ የሃይማኖት ክርክር መሆኑን ለመለየት አይቸግረውም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ80ዎቹ ገደማ የተጻፈ፣ ደራሲው ያልታወቀ አንድ የላቲን መማሪያ አለ፤ ከእርሱ ብዙ ጊዜ እጠቅሳለሁ። መግቢያ የሚበላሽባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ለማንኛውም ጉዳይ የሚሆን፣ ባላጋራም ሊጠቀምበት የሚችል፣ ከመጠን ያለፈ፣ ከነገሩ ሆድ ያልወጣ መግቢያ ሁሉ ስሕተት ነው ይላል። የመጀመሪያው ብቻውን ጥሩ መፈተኛ ነው። «በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በቂ ዝግጅት ባላደርግም፣ ውድ ጊዜያችሁን ላለመሻማት…» የሚለው መግቢያ ለሠርግም፣ ለምረቃም፣ ለአክሲዮን ስብሰባም ይሆናል። በሌላ ስብሰባ ቢባል ከሠራ ሰርዙት። በተለይ «በቂ ዝግጅት ባላደርግም» የሚለው ትሕትና መስሎን የምንለው ቃል ሰሚውን ይንቃል፤ 180 ሰው ቁጭ አድርጎ አልተዘጋጀሁም ማለት ነውና።

የእድሩ ጸሐፊ እንዲህ ቢጀምር ይሻላል፦ «ባለፈው ዓመት 14 ጊዜ ድንኳን ተክለናል። ከ14ቱ ገንዘቡ ያልደረሰው አንድም ቤት የለም። ዘንድሮ ግን እንዲህ ብለን የምንናገርበት ገንዘብ ካዝናችን ውስጥ የለም።» ሃያ ሰከንድ ገደማ ነው። ሰላምታው፣ ለአባቶችና ለእናቶች የሚገባው አክብሮት ከዚህ በፊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይለቅ።

ትረካ፣ ዓይን ፊት ማቆም

ከመግቢያ ቀጥሎ የሆነውን መንገር ይመጣል። መምህራኑ ሦስት ነገር ይጠይቁታል፦ አጭር፣ ግልጽ፣ የሚታመን ይሁን። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ሮም ውስጥ ያስተማረው ኩዊንቲሊያን ግልጽነትን ሲለካ ሰሚው ሊረዳህ ስለመቻሉ ሳይሆን ላይረዳህ ስላለመቻሉ ተጨነቅ ይላል። ሰሚው ሐሳቡ ለአፍታ ወደ ልጁ፣ ወደ ስልኩ፣ ወደ ረሃቡ ይሄዳል፤ ሲመለስም ነገሩን ማግኘት አለበት።

ስሜትን የሚያነሣውም ትረካው ነው፣ ትልልቅ ቃላት አይደሉም። አርስቶትል «ነገሩን ዓይን ፊት ማቆም» ይለዋል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። እርሳቸው ዝም ብለው ቆሙ፤ ጸጥታው ሲመለስ ጀመሩ። የመርዝ ጋዙን ሲያስረዱም «ጭካኔ» በሚለው ቃል ብቻ አላለፉትም። አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው ይበርሩ እንደነበር፣ የሚረጩትም እንደ ጉም ተያይዞ ይወርድ እንደነበር፣ ወታደሩን ሴቱን ሕፃኑን ከብቱን ወንዙን ግጦሹን እንዴት እንዳለበሰው ተናገሩ። ቁጥሩ ምስክርነት ነው፤ ዝርዝሩ ሥዕል ነው። ሰሚው ራሱ «ጭካኔ» የሚለውን ቃል ይጨምርበታል፤ ራሱ የጨመረውን ቃል ደግሞ አይክደውም።

ልቅሶ ላይ ግን አትቆዩ። ያው የላቲን መማሪያ ከእንባ ፈጥኖ የሚደርቅ ነገር የለም ይላል። አሳዛኙን ነገር በአንድ ደቂቃ ነግራችሁ ወደ ጥያቄያችሁ እለፉ፤ በሦስተኛው ደቂቃ ያለቀሰው ሰው እንባውን ጠርጎ እናንተን መመርመር ይጀምራል።

ድርድሩና መታመን

ማስረጃችሁን ስትደረድሩ ጠንካራውን መጀመሪያ፣ ሌላውን ጠንካራ መጨረሻ ላይ አድርጉ፤ መካከለኛው መሐል ይግባ። ደካማውን አውጥታችሁ ጣሉት። ብዙ ሰው የማይሳሳተው መስሎት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ቢጨመር ምን ይጎዳል» ብሎ ደካማ ምክንያት ያክላል፣ ባላጋራውም ያችን ብቻ መዝዞ ሲያፈርስ ሌላው ሁሉ አብሮ የፈረሰ ይመስላል። «ሦስት ነገር እላለሁ» ብላችሁ ከተናገራችሁ ሦስት ተናገሩ፤ መማሪያው ከሦስት በላይ አትቁጠሩ ይላል፤ ሰሚው አራተኛውን ሲሰማ የመጀመሪያውን ጥሏል።

የተቃዋሚን ሐሳብ የምትመልሱበት ቦታ እንደ ሁኔታው ነው። በተለምዶ ከማስረጃችሁ በኋላ ይመጣል። ከእናንተ በፊት የተናገረው ሰው ጭብጨባ አግኝቶ ከተቀመጠ ግን አርስቶትል መጀመሪያ እሱን መልሱ ይላል፤ በሰሚው ልብ ውስጥ ለሚመጣው ንግግር ቦታ ማስለቀቅ ያስፈልጋልና። ስትመልሱም የተቃዋሚውን ሐሳብ እርሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በትክክል ድገሙት። አጣምማችሁ ካቀረባችሁት ለእርሱ ያዘነው ሁሉ ተነሥቶባችኋል።

መታመንን በተመለከተ አርስቶትል ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ነገሩን ማወቅ፣ ጨዋነት፣ ለሰሚው በጎ ማሰብ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ አያድኑም። ባለሙያ ሆኖ ክፉ የሚያስብ ሰው ያስፈራል፤ በጎ አሳቢ ሆኖ የማያውቅ ሰው ያሳዝናል። ደግሞም መታመኑ ከንግግሩ ውስጥ ይወለድ ይላል፣ ከማዕረግ አይደለም። ጸሐፊው «20 ዓመት አገልግያለሁ» ከማለት ይልቅ «ከጡረተኞቻችን ሰባቱን ቤታቸው ሄጄ ጠይቄአለሁ፤ አራቱ እንችላለን ብለዋል፣ ሦስቱ አንችልም ብለዋል፣ ለእነርሱ በ100 ብር እንዲቀጥሉ ሐሳብ ይዣለሁ» ቢል ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አሳየ።

ተረትና ምሳሌ ለእኛ ተናጋሪዎች ቅርብ ነው፤ አንዳንዱ በየአንቀጹ ይደረድረዋል። አርስቶትል ስለዚህም ተናግሯል፦ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያምረው በዕድሜ ለገፋና ባየው ነገር ላይ ለሚናገር ሰው ነው። ወጣት ከሆናችሁ፣ ነገሩም ያላያችሁት ከሆነ፣ በንግግሩ ሁሉ አንድ ይበቃል።

አማርኛ የሚጠይቀው ነገር

በላቲንም ግሡ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የሮማው ተናጋሪ ሲሴሮ ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮቹን የሚያንጠለጥለው በዚህ ነው። አማርኛም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ያው ውበትም ያው አደጋም አለው። ይህን ስሙ፦

«ባለፈው ዓመት ያጋጠመንን የገንዘብ ጉድለት ለመሸፈን ሲባል ከመስከረም ወር ጀምሮ በሁሉም አባላት ላይ የ20 ብር ጭማሪ እንዲደረግ በኮሚቴው የቀረበው ሐሳብ ላይ ውይይት እንዲደረግበት ለማሳሰብ እወዳለሁ።»

ሰሚው ይህን ሁሉ ተሸክሞ «እወዳለሁ» እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ሲመጣም ባዶ ነው። ይህ የደብዳቤ አማርኛ ነው፤ ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል፣ ጆሮ ግን አይመለስም። ለጆሮ እንዲህ ይሰበር፦ «30,000 ብር ጎድሎናል። ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለው። ከመስከረም ጀምሮ እያንዳንዳችን 20 ብር እንጨምር።» ስትጽፉ አንድ ግሥ አንድ ዐረፍተ ነገር አድርጉ። አልፎ አልፎ አንድ ረጅም ብትጨምሩ ያምራል፣ ግሡ ከባድ ቃል ከሆነ ብቻ።

ከዚህ የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ሰው ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ድምፁን ይጥላል። በአማርኛ አሉታው ያለው እዚያው መጨረሻ ላይ ነው። «ሁሉም ጡረተኛ ይጨምር አልልም» ብላችሁ «አልልም»ን ከዋጣችሁት የኋላው ወንበር «ሁሉም ጡረተኛ ይጨምር» ብሎ ሰምቶ ቤቱ ይገባል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። የመጨረሻው ቃል ከመጀመሪያው እኩል ይሰማ። ትንፋሻችሁ እዚያ የሚያልቅ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው፤ ቁረጡት።

ከወረቀት የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ»፣ «ገና»፣ «ይበላል» ሁለት ሁለት ንባብ አላቸው። ጽሑፉ የራሳችሁ ቢሆንም መድረክ ላይ ዓይን ይቸኩላል፤ በሚያሻሙት ቃላት ላይ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። የሌላ ሰው ጽሑፍ የምታነቡ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው።

ግሥ በግሥ ላይ ሲደረደር ቤት ይመታል፤ ሰሚውን ያነቃቃል፣ ለማስታወስም ይረዳል። ከሦስት ካለፈ ግን መፈክር ይሆናል፣ ሰውም ሐሳቡን ትቶ ዜማውን ይሰማል።

በአእምሮ መያዝ

ቃል በቃል አትሸምድዱ። አንድ ቃል ሲጠፋ ቀጣዩ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ስለሆነ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። የሮማ ሰዎች ነገሩን በቦታ ይይዙ ነበር፤ የምታውቁትን ቤት በአእምሮ ውስጥ ትዞራላችሁ፣ በየቦታው አንድ አንድ ሥዕል ታስቀምጣላችሁ። የላቲኑ መማሪያ ስለ ቦታዎቹ ጥንቃቄ አለው፦ ሰው የማይበዛባቸው፣ ብርሃናቸው የማያንጸባርቅ የማይጨልምም፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ፣ 30 ጫማ ያህል የተራራቁ ይሁኑ። አምስተኛው ቦታ ላይ የወርቅ እጅ አስቀምጥ ይላል፤ አምስት ጣት አለውና መቁጠሪያ ይሆንሃል።

ለጸሐፊያችን እንዲህ ሊሆን ይችላል። የግቢው በር ላይ 14 ድንኳን ተቆልሎ መግቢያ ከልክሏል፤ መግቢያው ነው። በረንዳው ላይ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ቂጡ የተቀደደ ሣጥን ታቅፎ ሳንቲም ይረግፍበታል፤ ጉድለቱ። ሳሎን ውስጥ ሰባት ሽማግሌዎች አንድ ወንበር ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ የጡረተኞቹ ጉዳይ። ማድ ቤት ውስጥ የኦዲት ሪፖርቱ ምጣድ ላይ እንደ እንጀራ እየተጋገረ ነው። ጓሮ ውስጥ የወርቅ እጅ ተነሥቶ ቆሟል፤ ድምፅ የሚሰጥበት ጥያቄ። ሥዕሉ እንግዳ መሆን አለበት፤ ተራ ነገር ካስቀመጣችሁ ከእውነተኛው ቤት ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ሰዎች ዘዴው አልሠራልኝም ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ይህ ነው።

ቃል በቃል የሚያዙት ሁለት ናቸው፦ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርና የመጨረሻው።

መናገር

የአቴናው ታላቅ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ በንግግር ውስጥ ዋናው ምንድን ነው ቢሉት አነጋገሩ፣ ሁለተኛውስ ቢሉት አነጋገሩ፣ ሦስተኛውም አነጋገሩ ብሏል ይባላል። አፉ ውስጥ ጠጠር ይዞ፣ አቀበት እየሮጠ ተለማመደ የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ይህን መልስ እንደ ማስረጃ አድርገው ዝግጅትን የሚንቁ ሰዎች አሉ። ዴሞስቴንስ ግን ሳይጽፍና ሳያጠና ለመናገር እምቢ በማለቱ በዘመኑ ይታማ የነበረ ሰው ነው። ያን ያለው የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ጨርሶ ነው።

ፍርሃትን በተመለከተ፣ በዘመኑ የሮም አንደኛ ተናጋሪ የነበረው ክራሱስ ንግግር ሲጀምር ፊቱ እንደሚገረጣና መላ ሰውነቱ እንደሚንቀጠቀጥ መናገሩን ሲሴሮ ጽፏል። አይጠፋም፤ ቦታ ይሰጠዋል እንጂ። መማሪያው መግቢያውን በተቻለ መጠን በረጋ ድምፅ ተናገሩ የሚለው ለዚህም ይጠቅማል፤ ከጅምሩ የጮኸ ጉሮሮ ቶሎ ይደክማል፣ በኋላ ከፍ የሚልበትም ቦታ አይኖረውም። ማይኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፤ ዘወር ስትሉ አብሯችሁ ይዙር።

ጊዜውን በግምት አትተዉት። የጻፋችሁትን ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ ለአንድ ደቂቃ አንብቡ፣ በደቂቃው ያነበባችኋቸውን ቃላት ቁጠሩ። የተሰጣችሁ 7 ደቂቃ ከሆነ ለ6 ደቂቃ የሚበቃ ቃል ጻፉ፤ አንዷ ደቂቃ በሳቅ፣ በማጉረምረም፣ በዝምታ ትሄዳለች። ልምምዱ ሦስት ጊዜ ይሁን። የመጀመሪያው ከወረቀት፣ ሰዓት ይዛችሁ። ሁለተኛው ከወረቀት ውጭ፣ በቦታዎቹ እየዞራችሁ። ሦስተኛው አንድ ሰው ክፍሉ ጥግ አስቀምጣችሁ፤ እንዲያመሰግናችሁ ሳይሆን የዐረፍተ ነገራችሁን የመጨረሻ ቃል ባልሰማ ቁጥር እጁን እንዲያነሣ።

መጨረሻው ላይ የምትፈልጉትን ነገር በግልጽ ጠይቁ፦ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ምን ያድርግ። «ከመስከረም 1 ጀምሮ መዋጮው 120 ብር እንዲሆን፣ አንችልም ያሉት በ100 ብር እንዲቀጥሉ፣ የምትስማሙ እጃችሁን አንሡ።» «ይህን ካልኩ ዘንድ»፣ «ብዙ ባወራም» አትጨምሩ። ዝም በሉና እጆቹን ቁጠሩ።